ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋው መብራት፦ አንዲት አሮጌ ኤም ጂ ቢ ያስተማረችኝ

በአንድ የኅዳር ምሽት ከሰሜን ለንደን ወደ ቤቴ ስመለስ የወንድሜ ልጅ በራሱ መኪና ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር። ደርሰን እንደቆምን፣ ሞተሬን ሳላጠፋ መስኮቴን አንኳኳና «ጋሼ፣ ፍሬን ሲይዙ የግራው መብራት ይጠፋል እኮ» አለኝ። «አይበራም ማለትህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይ፣ የኋላው ቀይ መብራት እንደበራ ይቆይና ልክ ፍሬን ሲይዙ ድርግም ይላል፤ ሲለቁት ደግሞ ተመልሶ ይበራል» ሲል መለሰልኝ። ነገሩ አላሳመነኝም። እሱን መሪው ጋ አስቀምጬ ፔዳሉን እንዲረግጥ አዘዝሁትና ከኋላ ሄጄ ተመለከትሁ። ልጁ እውነቱን ነበር፤ የቀኙ መብራት ፍሬን ሲያዝ እንደሚገባው ደምቆ ሲበራ፣ የግራው ግን ከነበረበት ፈዛዛ ቀይ ወደ ፍጹም ጨለማ ይገባ ነበር።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1972 ኤም ጂ ቢ ስትሆን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ የስፖርት መኪና ናት። ይህ ዓይነት ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ሲሠራ የቆየ በመሆኑ ዛሬም በየመንደሩ ይገኛል፤ ዕቃውም አይጠፋም። ችግሩ ሌላ ነው። በብሪታንያ ከሜይ 2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት ያለፈና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነጻ ሆነዋል። እንደ አገራችን ቦሎ በየዓመቱ ቀርበው አይታዩም ማለት ነው። መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዲሆን የማድረግ ግዴታው ግን ከባለቤቱ ላይ አልወረደም። እኔም ምርመራው በመቅረቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንድ መርማሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊያየው ይችል የነበረውን ብልሽት ለስንት ወር ይዤ እንደዞርሁ ሳስብ ግን ደስታዬ ይቀንሳል።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ አምፖሉን ቀየርሁ። በዚህ መኪና የኋላ መብራት ውስጥ ያለው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ አንደኛው 5 ዋት ሆኖ ለፓርኪንግ መብራት፣ ሁለተኛው 21 ዋት ሆኖ ለፍሬን ያገለግላል። በጎኑ ያሉት ሁለት ጉጦች ከፍታቸው እኩል ያልሆነው አምፖሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ታስቦ ነው፤ ባረጀ ማቀፊያ ውስጥ በጉልበት ከተገፋ ግን ተገልብጦም ይገባል። ስለዚህ አምፖል ሲቀየር መታገል ከመጣ ቆም ብሎ ማየት ይሻላል። አዲሱ አምፖል በትክክል ገባ፤ ብልሽቱም እንደነበረ ቀጠለ። ከዚያ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ የሃምሳ ዓመት ሽቦዎቹን ለአፍታ ተመለከተና ሙሉው የሽቦ መስመር ተነቅሎ በአዲስ ካልተተካ ዋስትና እንደማይሰጥ ነገረኝ። የጠራው ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ሲሶ ያህል ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ያዳነኝ ብልህነቴ ሳይሆን ገንዘብ ማጣቴ ነው፤ ከሽቦዎቹ መካከል አንድም የተበላሸ አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ የኮረንቲውን መንገድ በወረቀት ላይ ሣልሁት፤ ሌላው ሰውም ከመፍታቱ በፊት ይህን ቢያደርግ ብዙ ድካም ይቀርለታል። በእነዚህ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ሽቦዎቹ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ሠሪ በሆነው በሉካስ የቀለም ሥርዓት ስለሚለዩ ሥራው የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ከመኪናው ቁልፍ የሚወጣው ነጭ ሽቦ ወደ ፊውዝ ይገባል፤ ከፊውዙ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። አረንጓዴው ወደ ፍሬን መብራት ማብሪያው ይሄዳል፤ ከማብሪያው ሲወጣ በላዩ ሐምራዊ መስመር የተሰመረበት አረንጓዴ ይሆንና በመኪናው ወለል ሥር አልፎ እስከ ፖርታባጋሊዮው ይዘልቃል። እዚያ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መብራት ይሄዳል። ቀይ ሽቦ የፓርኪንግ መብራት፣ ጥቁር ደግሞ ግራውንድ፣ ማለትም ኮረንቲው በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። ስለ እነዚህ መኪኖች ኤሌክትሪክ ብዙ ይቀለዳል፤ ጥፋቱም ሁሉ በሠሪው ላይ ይለጠፋል። ለእኔ ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት በዝናብና በጨው መንገድ የኖረ ብረት ዝጎ መገኘቱ የሠሪው ጥፋት አይመስለኝም።

አረንጓዴው ሽቦ ለፍሬን መብራት ብቻ የቆመ አለመሆኑ ለምርመራው ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። ፍሬቻው፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ የነዳጅ መለኪያውና የኋላ ማርሽ መብራቱ ከዚያው ፊውዝ ይመገባሉ። ስለሆነም ሁለቱም የፍሬን መብራቶች ጠፍተው የነዳጅ መለኪያውና ፍሬቻው የሚሠሩ ከሆነ ፊውዙን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ብልሽቱ ከፊውዙ በኋላ ይገኛል። ሁሉም በአንድ ላይ ከጠፉ ደግሞ ሌላ ሳይነካ ፊውዙን ማየት ይገባል። ፊውዙን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ለዚህ መኪና የተመደበው የድሮ ፊውዝ 35 አምፔር ይባላል፤ ቁጥሩ ግን የሚቃጠልበትን መጠን ያመለክታል እንጂ ሳይቃጠል ያለማቋረጥ ሊሸከም የሚችለው 17 አምፔር ብቻ ነው። በዘመኑ አቆጣጠር 35 አምፔር ያለማቋረጥ የሚሸከም ፊውዝ ገዝቶ በቦታው ያስገባ ሰው፣ ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው እንዲቃጠል ፈቅዷል።

በእኔ መኪና ላይ ፊውዙ ደህና ነበር፤ የቀኙ መብራትም ስለሚሠራ ብልሽቱ ሽቦው ለሁለት ከተከፈለበት ቦታ በኋላ፣ በግራው በኩል መሆን ነበረበት። ቮልት መለኪያዬን ይዤ ፖርታባጋሊዮው ውስጥ ገባሁ። ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ምርመራው የመኪናው ቁልፍ እንዲከፈትና ሞተሩ እንዲጠፋ ስለሚያስገድድ፣ ወደ ማቀጣጠያው ኮይል የሚሄደውን ነጭ ሽቦ ነቀልሁ። ፕላቲና (የኮይሉን ኮረንቲ የሚያገናኙና የሚያቋርጡ ነጥቦች) ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ቁልፋቸው ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ከቆዩ ኮይሉ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። የመብራት ብልሽት ስፈልግ ሌላ ብልሽት መፍጠር አልፈለግሁም።

የወንድሜ ልጅ ፔዳሉን አጥብቆ ረገጠልኝ። የመለኪያውን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በረጅም ሽቦ አገናኘሁት፤ የዚህች መኪና ባትሪ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ወለሉ ሥር ስለሚገኝ ከፖርታባጋሊዮው ሩቅ አይደለም። ቀዩን ጫፍ በግራው መብራት ሶኬት ላይ በፍሬኑ ሽቦ መገናኛ ላይ ሳሳርፍ 12.1 ቮልት አነበብሁ። ኮረንቲው በሚገባ እየደረሰ ነው፤ አምፖሉም አዲስ ነው፤ መብራቱ ግን አይበራም። ለጥቂት ደቂቃ ግራ ገባኝ። ቀጥሎ ቀዩን ጫፍ ከሽቦው ላይ አንስቼ የአምፖሉን ማቀፊያ ብረት ነካሁበት። ይህ ብረት ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ግራውንድ ስለሆነ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ማሳየት ነበረበት፤ መለኪያው ግን 11.4 ቮልት አሳየኝ። በቀኙ መብራት ላይ ያንኑ ስለካ 0.1 ቮልት ነበር። ብልሽቱ ኮረንቲው በሚመጣበት መንገድ ላይ ሳይሆን በሚመለስበት መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

የሚጠፋው መብራት ምሥጢርም እዚህ ላይ ተፈታልኝ። በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው የጋራ ነጥብ የአምፖሉ ብረት ነው። ብረቱ ግራውንድ ሲያጣ፣ በፓርኪንግ ሽቦው የመጣው ኮረንቲ መመለሻ ፍለጋ በፍሬኑ ክር ውስጥ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ከዚያ በፍሬኑ ሽቦ ተጉዞ ወደ ቀኙ መብራት ይሻገርና በቀኙ ጤነኛ ግራውንድ ይወርዳል። የፍሬን ክሮቹ ወፍራም ስለሆኑ እንቅፋታቸው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የግራው ፓርኪንግ መብራት ምንም እንዳልጎደለበት ሆኖ ይበራል። ፍሬን ሲያዝ ግን ያ የመመለሻ ሽቦ ራሱ 12 ቮልት ይሞላበታል። በክሩ በሁለቱም ጫፍ እኩል ቮልት ስለሚቆም የሚፈስ ነገር አይኖርም፤ መብራቱም ይጠፋል። ፓርኪንግ መብራቱ ባልበራበት በቀን ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ የፍሬኑ ኮረንቲ በ5 ዋቱ ክር በኩል ስለሚያመልጥ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚታየው ደማቅ ብርሃን ሳይሆን ደካማ የፓርኪንግ ብርሃን ነው። እንግዲህ አንድ መብራት የማይጠበቅ ነገር ሲሠራ፣ ለምሳሌ ፍሬቻ ሲበራ የፍሬኑ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ሲል ወይም አንዱ ሲበራ ሌላው ሲጠፋ ካያችሁ፣ ከማንኛውም ነገር በፊት ግራውንዱን ጠርጥሩ።

ግራውንዱ የጠፋበትን ቦታ ማግኘት አላስቸገረም። በእኔ መኪና ላይ መብራቱ ከፓራፋንጎው ጋር የሚታሰርባቸው ብሎኖች ግራውንዱንም ይሸከማሉ። ዳዶዎቹን ስፈታ በሥራቸው ያለው ብረት ቡናማ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ተራገፈ። ከዝገቱ ጀርባ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት መኪናዋን ሲያስቀባ በብሎኖቹ መቀመጫ ላይ የረጨው ወፍራም ቀለም ነበር፤ ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈገፈግሁት፤ ዳዶዎቹንና ሮንዴላዎቹን በአዲስ ተካሁ፤ ዝገት እንዳይመለስ ስስ ቅባት ቀባሁበት። በዚህ ብቻ አልተውሁትም። ከአምፖሉ ማቀፊያ አዲስ ጥቁር ሽቦ አውጥቼ ፖርታባጋሊዮው ውስጥ ንጹሕ በሆነ ሌላ ቦታ ላይ በብሎን አሰርሁት። ለቀኙም ገና ሳይበላሽ እንደዚያው አደረግሁለት። ድጋሚ ስለካ የግራው ንባብ 0.1 ቮልት ሆነ። እግረ መንገዴን ፖርታባጋሊዮው ውስጥ ያሉትን ጥይት መሰል የሽቦ መገናኛዎች አንድ በአንድ እያጠማዘዝሁ አወጣሁ፤ ጎማ የለበሰው የነሐስ እጀታቸው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። እጀታዎቹ ርካሽ ናቸው፤ ከማጽዳት መቀየር ይሻላል።

ሁለቱም መብራቶች ደምቀው በሩ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ የነበረ የቫን ነጂ ወርዶ፣ ሁለቱም የፍሬን መብራቶቼ እንደማይበሩና ሊገጨኝ ለጥቂት እንደተረፈ በቁጣ ነገረኝ። ቤት ገብቼ ፔዳሉን ረገጥሁና ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አየሁ፤ ሁለቱም በርተዋል። እንደገና ረገጥሁ፤ አሁንም በርተዋል። ነጂው ተሳስቷል ብዬ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን መንገድ ላይ ፍሬን የምይዘው እንደዚህ አጥብቄ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ፤ ቁልቁለት ላይ ወይም በሰልፍ መካከል እግሬን የማሳርፈው በቀስታ ነው። ፔዳሉን እንደዚያ በቀስታ ስይዘው ግድግዳው ጨለማ ነበር። ጫናውን ትንሽ ስጨምር የፈዘዘ ቅላት መጣ፤ ሙሉ ብርሃን የመጣው እግሬን በብርቱ ስጫን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ምርመራ ጊዜ የወንድሜ ልጅ ጉልበት ይህን ሁለተኛውን ብልሽት ደብቆብኝ ነበር።

ይህ ደግሞ የማብሪያው ጉዳይ ነው። በዘመናዊ መኪኖች የፍሬን መብራት ማብሪያው ፔዳሉ አጠገብ ሆኖ በፔዳሉ እንቅስቃሴ ይሠራል፤ በእኔ መኪና ግን ማብሪያው ኮፋኖው ሥር፣ የፍሬን ቱቦዎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ተጠምዞ የተቀመጠና በዘይቱ ግፊት የሚሠራ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይገፋና ሁለት የብረት ነጥቦችን ያገናኛል። የሁለቱ መብራቶች 42 ዋት በ12 ቮልት ሲሰላ 3.5 አምፔር ነው፤ አምፖሎቹ ገና ቀዝቃዛ በሆኑበት ቅጽበት ደግሞ የሚስቡት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ፍሬን በተያዘና በተለቀቀ ቁጥር እነዚያ ትናንሽ ነጥቦች በብልጭታ ይጠቃሉ፤ ቀስ በቀስም ይቃጠላሉ። ያን ጊዜ ኮረንቲ ለማሳለፍ የበለጠ ግፊት ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ቮልት መለኪያ እንዴት እንደሚያታልል ለማሳየት የራሴን ስሕተት ልናገር። ከማብሪያው የሚወጣውን ሽቦ ነቅዬ፣ ፔዳሉ በቀስታ እንደተያዘ፣ ባዶ በሆነው የማብሪያው እግር ላይ ስለካ 12.3 ቮልት አገኘሁ፤ «ማብሪያው ደህና ነው» ብዬም ደመደምሁ። መለኪያው ግን ከኢምንት በቀር ኮረንቲ አይስብም፤ በተቃጠለ ነጥብ በኩልም ሙሉ ቮልት ሊያይ ይችላል። ሽቦውን መልሼ ሰክቼ፣ አምፖሎቹ እየሳቡ፣ በዚያው ቦታ ስለካ ንባቡ ወደ 6.8 ወረደ። ወደ ማብሪያው የሚገባው 12.2፣ የሚወጣው 6.8 ከሆነ፣ ከአምስት ቮልት በላይ የቀረው እዚያው ማብሪያው ውስጥ ነው። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቱ በግማሽ ሲቀንስ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ከዚያ እጅግ በባሰ ይወርዳል። ስለዚህ ሽቦ ነቅሎ መለካት ለምንም አይበቃም፤ ሁሉም ነገር እንደተሰካ፣ መብራቱ ሥራ ላይ እንዳለ መለካት አለበት። መለኪያ የሌለው ሰው በማብሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ያገናኝ፤ ፔዳሉ ሳይነካ ሁለቱም መብራቶች ደምቀው ከበሩ ጥፋቱ የማብሪያው ነው።

ማብሪያውን መቀየር ራሱ ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ሲፈታ የፍሬን ዘይት ይፈሳል፤ አየርም ሊገባ ይችላል። የፍሬን ዘይት ቀለም ያነሳል፤ በዙሪያው ጨርቅ ሳያነጥፉ መፍታት አይገባም፤ የተንጠባጠበውንም ወዲያው በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። አዲሱን እስክጠመዝዝ ድረስ ቀዳዳውን በጣቴ ደፍኜ ይዤ ነበር፤ ያም ሆኖ ከጨረስሁ በኋላ አየሩን ከዘይቱ አስወጥቻለሁ። ፍሬን ላይ «ሳይገባ አይቀርም» ወይም «አልገባም» እያሉ መገመት ተገቢ አይደለም፤ የፔዳሉ ጥንካሬ ራሱ ይናገራል።

አዲሱ ማብሪያ የቆየው ሰባት ወር ብቻ ነው። እንደገና በቀስታ ሲያዝ መዘግየት ጀመረ። የአሁኖቹ ማብሪያዎች እንደ ድሮዎቹ አይጸኑም፤ በየዓመቱ የፍሬን መስመር እየከፈቱ መኖር ደግሞ አላማረኝም። ስለዚህ ሦስተኛውን ማብሪያ ስገጥም ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኮረንቲ ታዝዞ ትልቁን ኮረንቲ የሚያገናኝ ማብሪያ፣ ጨመርሁለት። ከማብሪያው ወጥቶ ወደ መብራቶቹ ይሄድ የነበረውን አዛወርሁና ወደ ሪሌው 86 ቁጥር እግር አገባሁት፤ 85ን ከግራውንድ ጋር አሰርሁ። ወደ 30 ቁጥር ከአረንጓዴው ሽቦ በራሱ የ10 አምፔር ፊውዝ በኩል አመጣሁ፤ ከ87 ደግሞ ሐምራዊ መስመር ያለው አረንጓዴ ሽቦ ወደ ኋላ እንዲሄድ አደረግሁ። አሁን ማብሪያው የሚሸከመው የሪሌውን መጠምጠሚያ ብቻ ነው፤ እሱም ከአንድ አምፔር አንድ አምስተኛ አይሞላም። የአምፖሎቹን ኮረንቲ የሚሸከመው ለዚሁ ሥራ የተሠራው ሪሌ ነው። መኪናዋን እንደ ጥንቷ ማቆየት የሚሹ ሰዎች ይህን እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ እኔም የሪሌውን ሳጥን ከእይታ ሰወር አድርጌ ነው የገጠምሁት። ሪሌው ራሱ አንድ ቀን ሊበላሽ ስለሚችል አንድ ትርፍ በመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

ሦስተኛው ማብሪያ ከተገጠመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁንም እግሬ ፔዳሉን ገና ሲነካ መብራቱ ይበራል። ቢሆንም በወር አንድ ጊዜ፣ ሲመሽ፣ ከቤቴ ማዶ ወዳለው ሱቅ የመስታወት ደጃፍ መኪናዋን በኋላዋ አስጠግቼ፣ መጀመሪያ ፓርኪንግ መብራቱን አጥፍቼ፣ ቀጥሎ አብርቼ፣ ፔዳሉን በአውራ ጣቴ ጫፍ ያህል ጫና ብቻ እይዘዋለሁ። በኋላ ማሳያው ውስጥ ሁለት እኩል ቀይ ብርሃን መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ካየሁ ወደ ቤቴ እገባለሁ።